ቀዩን የአልጋ ልብስ ማን አነሳው

ሐይቃችንን ለማየት ሰው ከየአገሩ ይመጣል። መሐሉ ላይ ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ግማሹ የፈረሰ ግንብ አለ። ውሃው ጸጥ ሲል ግንቡ ተገልብጦ ይታያል፤ ያንን ፎቶ ለማንሳት እንግዶቹ ይጋፋሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከማዶ፣ ከምሠራበት ሆቴል ግቢ፣ አንሶላ እያሰጣሁ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም። “ግንቡ እንዴት ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ፣ “ድንጋይ ነው” እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

ቀልድ አይደለም፤ ቂም ነው። እዚያ ግንብ ላይ፣ ከላይኛው መስኮት ሆኖ፣ አንድ ሰው እሺታዬን እያየ ሳይመጣ ቀረ። ትምህርቴን ከፊደል ብዙም ሳልርቅ ነው የተውኩት፤ በቂም በኩል ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ ማለት እችላለሁ። ሌላው ሰው ይቀየምና ይረሳል። እኔ ቂሜን እንደ አንሶላ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጥፌ ነው የማስቀምጠው። ዓመት ሲሞላው አውጥቼ አናፍሰዋለሁ።

ሰውየው የሆቴሉ ባለቤት ልጅ ነው። ባለግንቡ ነው የምንለው፤ ከትንሽነቱ ጀምሮ ጀልባ ባገኘ ቁጥር ደሴቱ ላይ ስለሚገኝ። እናቱ፣ እትዬ፣ ሆቴሉን ይረከበኛል ብለው ሲጠብቁ እሱ የፈረሰ ግድግዳ የሚጠግን መሐንዲስ ሆኖ አረፈው። እኔ ደግሞ የልብስ አጣቢዋ የእህት ልጅ ነኝ። አክስቴ የሆቴሉ ላውንደሪ ኃላፊ ነበረች፤ እናቴ ስትሞትብኝ አምጥታ እዚያው ሳሙናና እንፋሎት መሐል አሳደገችኝ።

ባለግንቡ ወደ ላውንደሪው የሚመጣው በሸሚዝ ቁልፍ ሰበብ ነበር። ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን በእጁ እየነቀለ ይመጣና “ይቺን ትሰፊልኛለሽ?” ይላል። አክስቴ፣ “የዚህን ልጅ ሸሚዝ ምን የሚሉት በሽታ ነው የያዘው?” ትል ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰፋለሁ። እሱ የማሰጫውን ምሰሶ ተደግፎ ያየኛል። መርፌው ጣቴን ሲወጋኝ አይሰማኝም፤ የሚሰማኝ ዓይኑ ነው።

እትዬ ደረሱበት። ለልጃቸው ያሰቡለት የባንክ ሥራ አስኪያጁን ልጅ ነበር። አልጮሁም፤ እትዬ ጮኸው አያውቁም። “ከዛሬ ጀምሮ የላውንደሪው ግቢ ውስጥ እንዳላይህ” አሉት፣ በቃ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ሊሄድ ሲል ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ጠብቆ አገኘኝ።

“ነገ ደሴቱ ላይ ነው የምውለው፤ ግንቡን እለካለሁ” አለኝ። “ከላይኛው መስኮት የማሰጫሽ ገመድ ወለል ብሎ ይታየኛል። የምታገቢኝ ከሆነ የትልቁን ክፍል ቀይ የአልጋ ልብስ አስጪልኝ። እሱን ባየሁ ሰዓት ጀልባ አስነስቼ እመጣለሁ፤ እጅሽን ይዤ እናቴ ፊት እቆማለሁ። ካልፈለግሽኝ እንደ ሁልጊዜው ነጩን ብቻ አስጪ። ይገባኛል፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።”

“ለምን አሁን አትጠይቀኝም?” አልኩት።

“አሁን ብጠይቅሽ ለእልህ ስትይ እንቢ ትያለሽ። እደሪበት።”

ያውቀኛል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቀዩን የአልጋ ልብስ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም አጠብኩት። ከፊተኛው ገመድ ላይ፣ ፊቱን ለሐይቁ ሰጥቼ፣ ዳርና ዳሩን ወጥሬ አሰጣሁት። እንኳን ከደሴቱ፣ ከሰማይም ይታይ ነበር። እንደ ጨረስኩ እትዬ አስጠሩኝና የላይኛውን ፎቅ መጋረጃዎች በሙሉ አውርጄ እንድቀይር አዘዙኝ። እዚያ ያሉት መስኮቶች ሐይቁን ያሳያሉ፤ የእኛን ግቢ አያሳዩም። ቀኑን ሙሉ እጄ መጋረጃው ላይ፣ ዓይኔ ውሃው ላይ ዋለ። ጀልባ ብቅ ባለ ቁጥር ከቆምኩበት ወንበር ልወድቅ እደርሳለሁ። አንዱ የዓሣ አጥማጅ ይሆናል፣ አንዱ የእንግዳ። የእሱ ደሴቱ ሥር እንደታሰረ ዋለ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ታች ወረድኩ። የዕለቱ ልብስ ተሰብስቦ፣ ታጥፎ፣ መደርደሪያው ላይ ገብቷል፤ ቀዩም እዚያው ከመሐሉ። እሱ ሲመሻሽ ተመለሰ። በአጠገቤ ሲያልፍ እንደ ግቢው ምሰሶ እንኳን አልቆጠረኝም። በማግስቱ ሄደ።

አልጠየቅኩትም። እሺ ያለች ሴት ተመልሳ “ምነው ቀረህ?” ትላለች እንዴ? አይቷል፣ እናቱን ፈርቷል፣ ይኸው ነው ብዬ በሩን ዘጋሁት። ዘጋሁት እንጂ ከበሩ ኋላ ቆሜ ኮቴውን ሳዳምጥ ነው የኖርኩት።

*

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሲያበቃ ባለግንቡ መጣ። የግንቡ አንድ ወገን ሊናድ ነው ተብሎ፣ ደግፎ እንዲያቆመው ተጠርቶ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ወገቡ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው። አግብቶ ነበር፣ ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ ይላሉ። እኔንም አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጠይቆኝ ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ ዳቦውም ይጣፍጣል። እሱ እያየኝ መርፌ ጣቴን ቢወጋኝ ግን ይሰማኝ ነበር። እንቢ አልኩት።

የመጣ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ተገጣጠምን። እኔ የአንሶላ ክምር ታቅፌ፣ እሱ የተጠቀለለ ወረቀት ይዞ።

“ደህና ነሽ?” አለኝ።

“ደህና ነኝ። እርስዎስ?” አልኩት።

“እርስዎ” ስለው ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተዘጋ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ ማለቴ አናደደኝና ክምሬን ይዤ ወረድኩ።

ሸሚዞቹ ለእጥበት እየመጡ ከረሙ። አንዱንም ሳላገላብጥ አላሳለፍኩም። አንገቱን አያለሁ፣ እጅጌውን አያለሁ፣ የቁልፎቹን መስመር ከላይ እስከ ታች እዳስሳለሁ። አንድ የጎደለ ቁልፍ የለም። አንድ የላላ ክር እንኳን የለም። ሙሉ ሸሚዝ ሰውን እንደሚያስለቅስ ያወቅኩት ያኔ ነው።

እንዲህ እያለ ሥራው አለቀ። ጠዋት ደሴቱ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው አውቶቡስ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ ለሌላ ግንብ፣ ለሌላ አገር ተጠርቷል። በዚህ ዕድሜው ከሄደ ተመልሶ እንደማይመጣ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። እኔ እንደ ሥራ ቀን ሁሉ ማሰጫው ግቢ ነበርኩ። አክስቴ አርጅታ ሥራ ብትተውም ቤት መቀመጥ አልሆነላትም፤ በየቀኑ መጥታ ጥላ ሥር ወንበሯ ላይ ሆና፣ ናፕኪን እያጠፈች ሁላችንንም ትሳደባለች። አዲሷ ሠራተኛ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ጥላ የምትመጣ ትሁት ሴት፣ ብርቱካንማ መጋረጃ ይዛ ወደ ፊተኛው ገመድ ሄደች።

“አንቺ” አለች አክስቴ፣ “እሱን ፀሐይ ላይ ልታውይው ነው?”

“ምነው እናቴ?”

“ቀለም ያለው ነገር በጥላ ነው የሚሰጣ። ፀሐይ ይመጠዋል። ስንቴ ልናገር? ምላሴ እኮ ጎማ አይደለም።”

“ረስቼው ነው፣ ይቅርታ።”

“አይዞሽ። ይቺም ረስታ ታውቃለች፤ ዛሬ እንዲህ ስታዝዝሽ አትይ” አለች አክስቴ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። “ያኔ ባለግንቡ ሊሄድ ሰሞን፣ ልቧ የት እንደነበር እኔ እንጃ፣ የትልቁን ክፍል ቀይ የአልጋ ልብስ፣ ያንን የመሰለ ቀይ፣ ለፀሐይ ወጥራው ሄደች። ውሃው ሳይንጠባጠብለት ደርሼ ባላነሳው ኖሮ እትዬ ሁለታችንንም ጠርገው ያስወጡን ነበር።”

የያዝኩት አንሶላ ከእጄ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ተመልሶ ገባ።

“የት ወሰድሽው?” አልኳት።

“ምኑን?”

“ቀዩን።”

“የት እወስደዋለሁ፣ ከቦይለሩ ጀርባ ጥላው ላይ ነዋ። ሲደርቅም አነሳሁት፣ አጠፍኩት። ምነው? ገና ዛሬ ነው የምታመሰግኚኝ?”

“አክስቴ፣ እሱ እኮ መልሴ ነበር።”

“የምኑ መልስ?”

ነገርኳት። ለማንም ያልተናገርኩትን፣ መሐል ግቢ፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ ነገርኳት። አዲሷ ሠራተኛ መጋረጃዋን እንደታቀፈች ቀረች። አክስቴ ናፕኪኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

“ሰው ለባል እሺታውን በአፉ ነው እንጂ በአልጋ ልብስ ይናገራል እንዴ?” አለች። ቁጣዋ ግን መንገድ ላይ ተሰበረ። “እኔ ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬ ነው፣ ልጄ።”

“አውቃለሁ።”

“ቀለሙ እንዳይለቅ ብዬ እኮ ነው።”

ልቆጣት ፈለግኩ፤ ከየት ላምጣው? እኔም ብሆን አነሳው ነበር። እኛ ቤት ቀይ ነገር ፀሐይ ላይ አይቶ የሚያልፍ እጅ የለም። አእምሮ ሳያዝ እጅ ይሄዳል። ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት፤ ግንባሯ ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ፣ እንደ ልጅነቴ።

ቀና ስል ደሴቱ ከፊቴ ነው። እዚያ የቆመው ሰው እኔ እንቢ እንዳልኩት ነው የሚያውቀው። እኔ እሱን ስቀየም፣ እሱ ቁስሉን ይዞ ሲዞር ነው የኖረው። ተሸክሜው የኖርኩት ቂም ባለቤት የሌለው ዕቃ ሆኖ ተገኘ፤ የት እንደማወርደው ግራ ገባኝ።

“ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?” አለች አክስቴ ዓይኗን በናፕኪን እየጠረገች። “አውቶቡሱ የአክስትሽ ልጅ አይደለም፤ አይጠብቅሽም። ሂጂ።”

*

ሽርጤን ፈትቼ ገመዱ ላይ ጣልኩት። በረንዳው ላይ እትዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ሐይቁን እያዩ ተቀምጠዋል።

“በሥራ ሰዓት ወዴት ነው?” አሉኝ።

“ደሴቱ ላይ፣ እትዬ።”

“አንቺ? ደሴቱ ላይ ምን አለሽ?”

“ልጅዎ አለ።”

ምርኩዛቸው አንዴ ወለሉን መታ አደረገ።

“ሊሄድ ነው እኮ” አሉ።

“ላስቀረው ነው የምሄደው። ሊከለክሉኝ ከፈለጉ ይናገሩ፤ እሰማዎታለሁ። ሰምቼ ግን አልመለስም።”

እትዬን እንዲህ አድርጎ የተናገራቸው ሰው በዚያ ቤት የለም። እኔም ተናግሬ ስጨርስ ነው ያወቅኩት። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከውሃው አልነቀሉም።

“ያን ጊዜ ከሄደ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም” አሉ። “ለበዓል ይደውላል፣ ‘ደህና ነኝ እማዬ’ ይለኛል። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።” ወደ እግሬ ተመለከቱ። “በዚህ ነጠላ ጫማ ነው የምትሄጂው? የግንቡ ደረጃ ያዳልጣል። ቀይሪ።”

ዕድሜ ልኬን የፈራኋቸው ሴትዮ ይቺን ብቻ አሉ። ጫማዬን ቀየርኩ።

ጀልባው ላይ እንግዶች ሞልተዋል። ነጂው፣ ካፒቴን ነው የምንለው፣ ሲያየኝ ኮፍያውን አነሳ።

“ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?”

“በወትሮዋ በኩል። ቦታ አለህ?”

“ላንቺማ ከሌለ ራሴ እዋኛለሁ። ‘ድንጋይ ነው’ ስትይ አልነበር?”

“ድንጋዩን ለማየት የምሄድ መስሎሃል?”

ካፒቴን አፉን ሊከፍት ብሎ ፊቴን አየና ሞተሩን አስነሳ።

እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ከግቢያችን ሳየው ጥርሱ የወላለቀ አፍ ይመስለኝ የነበረው ግንብ እየቀረብነው ሲሄድ እያደገ፣ እያደገ መጣና ሰማዩን ሸፈነው። ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ዛፍ በቅሏል። ሥሩ ድንጋዩን እንደ ሰው ጣት ጨብጦ ይዞታል። በር የሌለው በር፣ ጣራ የሌለው አዳራሽ፤ ወፎች እንደ ባለቤት ይገባሉ ይወጣሉ። ውሃው ከሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ይህንን ሁሉ በአንድ ቀን ቂም ራሴን ከልክዬው ኖሬአለሁ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ሲያወጡ እኔ ከሁሉም ቀድሜ ዘልዬ ወረድኩ።

ሠራተኞቹ የእንጨቱን መወጣጫ እየፈቱ ነው። “ኢንጂነር የት ነው?” ስላቸው በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። ደረጃው በእውነትም ያዳልጣል።

ላይኛው ክፍል ገባሁ። መስኮቱ ጋ ቆሞ መለኪያ ሜትሩን ይጠቀልላል። ሻንጣው ከአጠገቡ ተዘግቷል። ሲያየኝ ደነገጠ።

“ምን ተፈጠረ? እናቴ ምን ሆነች?”

“እናትህ ደህና ናቸው” አልኩት።

“አንተ” ስለው መጠቅለሉን ተወ።

“አስጥቼው ነበር” አልኩ።

“ምኑን?”

“ቀዩን። በጠዋት፣ ከፊተኛው ገመድ ላይ። ወዲያው እትዬ ለመጋረጃ ሥራ አስጠሩኝ። አክስቴ መጥታ ‘ፀሐይ ቀለሙን ያበላሸዋል’ ብላ ከቦይለሩ ጀርባ ወሰደችው። አንተ ደረጃውን እየወጣህ ሳለ ይሆናል። ዛሬ ነው የሰማሁት። እኔ አይተህ የቀረህ መስሎኝ ነበር።”

ሜትሩ ከእጁ አምልጦ እንደ እባብ ወለሉ ላይ ተተረተረ። አላነሳውም። ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ግቢያችን ከዚያ ሲያዩዋት እጅ የምታክል ነች። ነጫጭ አንሶላዎች በነፋሱ ይነፋሉ ይረግባሉ። ከዚያ ሁሉ ነጭ መሐል የጣልኩት ሰማያዊ ሽርጥ እንኳን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

“እዚህች ላይ ነው የቆምኩት” አለ። “ሠራተኞቹ ምሳ ሲበሉ አልወረድኩም። ዓይኔን ከነቀልኩ ያኔ ታሰጪዋለሽ ብዬ። ነጭ ሲወጣ፣ ነጭ ሲገባ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ነጭ አንሶላ ላይ መተኛት ጠላሁ።”

“የሆቴል ልጅ ሆነህ ምን ላይ ልትተኛ ነው?” አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ጣራ በሌለው አዳራሽ ውስጥ ወርዶ ታች ያሉትን ሰዎች ቀና አደረጋቸው። እየሳቀ እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“አንተስ?”

“አላስቸግርሽም ብዬ ቃል ሰጥቼሽ ነበራ። ደብዳቤ ጽፌልሽም ቀደድኩት። መልስ የሰጠችን ሴት ሁለተኛ መጠየቅ ልመና ነው ብዬ።”

“እኔን ነው እልኸኛ የሚሉኝ” አልኩት። “አንተን ምን ሊሉህ ነው?”

ያየኝ ጀመር። ያ ዓይን ነው፤ ዙሪያው ተሸብሽቧል እንጂ ያው ነው። እንግዶቹ ደረጃውን ጨርሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ሠራተኞቹም መዶሻቸውን ይዘው ከኋላቸው።

“አሁንማ አርጅተናል” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ይሄ ግንብ በዕድሜ ይበልጠናል። እሱን ምን አልከው? ይፍረስ አልክ?”

“አላልኩም።”

“ምን አደረግከው?”

“ደገፍኩት።”

“በል እንግዲህ።”

“ሰው እያየን ነው” አለ።

“ይየን። ወሬውን ይዘው ይሂዱ፤ ከፎቶው ይሻላቸዋል።”

እጁን ያዝኩት። የድንጋይ አቧራ አለበት፣ ሻካራ ነው፤ የእኔም የበረኪና እጅ ከዚያ አይሻልም። ሁለት ሻካራ እጅ ሲያያዝ አይለቅም። በጠራ ድምፅ፣ በአፌ፣ የሰማ ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ጠየቅኩት።

“እኔ ላገባህ እፈልጋለሁ። ታገባኛለህ?”

“አገባሻለሁ” አለ። ለማሰብም አልቆመ።

በሩ ላይ ያሉት አጨበጨቡ። አንዷ እንግዳ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ታለቅሳለች። ከታች ካፒቴን ጥሩምባውን ነፋ፤ የሚመለስ ይሳፈር እያለ ነው። ባለግንቡ ሻንጣውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሻንጣውን በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ከዚያ በመስኮቱ አንገቴን አወጣሁና ወደ ታች ተጣራሁ።

“ካፒቴን፣ አንተ ሂድ። እኛ ገና ነን።”